ቶም ክሪስተንሰን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዴንማርክ ሥነ ጽሑፍ ሲነሣ ብዙዎቻችን ከተረት ጸሐፊው ከሃንስ ክሪስቲያን አንደርሰን አናልፍም። ገፋ አድርጎ ያነበበ ሰው የቶም ክሪስተንሰንን ስም ይሰማ ይሆናል። ግን ስሙ ብቻውን አይመጣም፤ መጠጥ፣ ትርምስና የባከነ ሕይወት ተከትለውት ይመጣሉ። እኔ ይህን ገጣሚና ልብ ወለድ ደራሲ እወደዋለሁ፤ ባልሠራው ሲታማ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ለንደን የተወለደ እንግሊዛዊ ነው» የሚሉ አሉ። በ1893 ለንደን መወለዱ እውነት ነው፤ ቤተሰቡ ግን ዴንማርካዊ ነው፤ ያደገውም ኮፐንሀገን ነው። እንግሊዝኛን ከዴንማርክኛና ከጀርመንኛ ጋር በዩኒቨርሲቲ አጥንቶ በ1919 ተመረቀ።

«የጦርነቱን እሳት በዓይኑ አይቶ የጻፈ ገጣሚ ነው።» ለዚህ ስሕተት መነሻው በ1920 በወጣው የመጀመሪያ መድበሉ፣ «የባሕር ወንበዴ ሕልሞች» ውስጥ ያለ አንድ ስንኝ ነው። ወጣትነታችን፣ ጉልበታችንና ዱር የገባው ሐሳባችን በተኩስ እንደ ፈራረሰ ባቡር ጣቢያ ውብ ነው ይላል። ያነበበ ሁሉ ከምሽግ የተመለሰ ወታደር ይመስለዋል። ነገር ግን ዴንማርክ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ገለልተኛ ነበረች። ኮፐንሀገን ላይ የፈረሰ ጣቢያ አልነበረም። ይልቁንም ለተዋጊዎቹ አገሮች የታሸገ ምግብ እየሸጡ የከበሩ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ሕዝቡ «የጉላሽ ባሮኖች» (የሥጋ ወጥ መኳንንት እንደማለት) የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። ወጣቱ ገጣሚ አውሮፓ ስትነድድ የሰማው ከጋዜጣ ነው፤ ዙሪያውን ሲያይ ደግሞ የሚታየው ገንዘብ ቆጠራ ነው። ስንኙን ሳነበው የሚያስደነግጠኝም ይህ ነው፦ ጥፋቱን ያላየ ሰው ጥፋቱን ውብ ብሎ ሲጠራው።

«ኤክስፕረሽኒስት ስለሆነ ግጥሙ ቤት አይመታም፤ እንደመጣለት ነው የሚጽፈው።» ይህኛው ከሁሉ ይበልጥ ያናድደኛል። ኤክስፕረሽኒዝም በውጭ የሚታየውን ከመቅዳት ይልቅ በውስጥ የሚንቀለቀለውን ስሜት በቀለምና በጩኸት ያወጣል፤ እውነት ነው። በዴንማርክ ከእንቅስቃሴው ሰዎች አንዱ የሆነው ገጣሚው ኤሚል ቦነሊከ በ1919 ለአብዮተኛዋ ለሮዛ ሉክሰምበርግ የጻፈውን ሲያነብ በአዳራሹ ውስጥ ሽጉጥ እስከመተኮስ ደርሷል። ክሪስተንሰን ግን ተኩሱን በስንኝ ውስጥ ነው ያደረገው። ቡና ቤት ውስጥ የተነሣ ድብድብን በአበባና በደማቅ ቀለም የሚሥልበት ግጥም አለው፤ ቡጢው ሲሰነዘር እንኳ ምጣኔው አይናጋም፣ ቤቱ ይመታል። ሥርዓት የለሽነትን በሥርዓት መጻፍ ቀላል ሥራ አይደለም።

«ሄርቬርክ የራሱ የሕይወት ታሪክ ነው፤ ስሞቹን ብቻ ነው የቀየረው።» ሄርቬርክ በ1930 የታተመው ትልቁ ልብ ወለዱ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኦለ ያስትራው የጋዜጣ ሐያሲ ነው፤ ሥራው ይሰለቸዋል፣ ትዳሩ ይፈርሳል፣ ከቡና ቤት ቡና ቤት እየዞረ በመጠጥ ራሱን ያበላሻል። ክሪስተንሰንም በ«ፖሊቲከን» ጋዜጣ ከ1924 እስከ 1927 ሐያሲ ነበር፤ ይጠጣም ነበር። ስለዚህ ያስትራው እሱ ነው ተብሎ ተደመደመ።

እስቲ መጽሐፉን ጠጋ ብለን እንየው። በውስጡ «ጭንቀት» የምትባል አጭር ግጥም አለች፤ ዛሬ ዴንማርክ ውስጥ በጣም ከሚታወቁት ግጥሞቹ አንዷ ናት። ተናጋሪው የመርከብ አደጋን፣ ውድመትንና ድንገተኛ ሞትን እንደናፈቀ ይናገራል። የልብ ወለዱ ርእስ የሆነችው ቃልም እዚያው ስንኝ ውስጥ አለች። በእያንዳንዱ አርኬ ሁለተኛውና አራተኛው ስንኝ ቤት ይመታሉ፤ በዴንማርክኛ «መከራ» የሚለው ቃል ቤት የሚመታው ከ«ሞት» ጋር ነው። ታዲያ ይህችን ግጥም ጻፈ የተባለው ማን ነው? ያስትራው አይደለም። ሳይጠራ ቤቱ የመጣበት ስቴፈንሰን የሚባል ወጣት ገጣሚ ነው። ደራሲው ምርጥ ግጥሙን ራሱን ይመስላል ለተባለው ሰው ሳይሆን ለሌላው ሰጠው። ይህ ማስታወሻ ደብተር የሚገለብጥ ሰው ሥራ አይደለም፤ ራሱን ቆራርሶ ለብዙ ገጸ ባሕርያት ያከፋፈለ ደራሲ ሥራ ነው።

«ልብ ወለዱ ስካርን ያወድሳል።» ሄርቬርክ በዴንማርክኛ የሕግ ቃልም ነው፤ የሰውን ንብረት ሆን ብሎ መስበርና ማበላሸት ማለት ነው። እዚህ የሚሰበረው ንብረት ሰውየው ራሱ ነው። በመጽሐፉ መግቢያ የቆመው ጥቅስ ደግሞ ነፍስን ፍራት፣ አታምልካት፣ ክፉ ልማድ ትመስላለችና ይላል። ያስትራው ጠርሙሱን የሚጨብጠው ለደስታ አይደለም፤ ገደብ የሌለውን ነገር እየፈለገ ነው። ከካቶሊክ ቄስ ጋር የሚያወራውም ለዚሁ ነው። የጠዋቱን ራስ ምታትና ኀፍረት ያነበበ ሰው መጽሐፉን ዘግቶ መጠጥ ያምረዋል ብዬ አላምንም።

«ከዚያ በኋላ መጠጥ በላው፤ ምንም አልሠራም።» በ1931 ወደ ፖሊቲከን ተመልሶ እስከ 1963 የመጽሐፍ ሒስ ጻፈ። ጄምስ ጆይስንና ሌሎች የእንግሊዝኛ ደራስያንን ለዴንማርክ አንባቢ በማስተዋወቅ ስሙ ቀዳሚ ነው። በ1946 ከከተማው ወጥቶ ቱረ ወደምትባል ትንሽ ደሴት ሄደ። በ1954፣ ስልሳ ዓመት ሲሆነው፣ «የመጨረሻው ፋኖስ» የተባለ የግጥም መድበል አሳተመ። ያረፈው በ1974፣ በሰማንያ ዓመቱ ነው።