ቫን ላይፍ ምንድን ነው? ለጸሐፊስ ያዋጣል?

ቫን ላይፍ ማለት ሚኒባስን ወይም የጭነት ቫንን ቤት አድርጎ መኖር ነው። የኋላ ወንበሮቹ ይነቀላሉ። በቦታቸው አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ የውሃ ጀሪካን፣ ቡታጋዝና መብራት ይገባል። ባለቤቱ ደስ ያለው ቦታ አቁሞ ያድራል፤ ሲሰለቸው ሞተር አስነስቶ ይሄዳል። የወር ኪራይ የለም፣ የአከራይ ግልምጫም የለም።

ስሙን በኢንስታግራም ያስለመደው ፎስተር ሀንቲንግተን የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የኒውዮርክ ሥራውን ትቶ፣ ቮልስዋገን ቫን ውስጥ እየኖረ ፎቶ ይለጥፍ ጀመር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ነገሩ ራሱ ግን የቆየ ነው። የቮልስዋገን ኮምቢ መመረት የጀመረው በ1950 ሲሆን፣ በዓመቱ ዌስትፋሊያ የተባለው የጀርመን ድርጅት ውስጡን ለማደሪያ እያሰናዳ መሸጥ ጀመረ።

እዚህ እኛ ጅማ ላይም እንግዳ ነገር አይደለም። የጅማው ሂርማታ ገበያ የሲራራ ነጋዴ መገናኛ በነበረበት ዘመን፣ ነጋዴው ከነአጋሰሱ ወራቱን መንገድ ላይ ነበር የሚገፋው። ዛሬም የከባድ መኪና ሾፌር ጋቢናው ውስጥ ያድራል። ልዩነቱ እሱ ፎቶ አለመለጠፉ ነው።

ጸሐፊዎች ለምን ወደዱት? አንደኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። ኪራይ ከቀረ በትንሽ ገቢ ብዙ ጊዜ ይገዛል። ሁለተኛው ወሬ ፍለጋ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ስታይንቤክ በ1960፣ በ58 ዓመቱ፣ ፒክአፕ ላይ ትንሽ ቤት አስጭኖ ከውሻው ጋር አሜሪካን ዞሯል። መኪናዋን ሮሲናንቴ ብሎ ሰይሟት ነበር። ሌላው አሜሪካዊ ጸሐፊ ዊልያም ሊስት ሂት ሙን ደግሞ በ1978 የማስተማር ሥራውን አጣ፣ ትዳሩም ተናጋ። ፎርድ ቫኑ ውስጥ ፍራሽ ዘርግቶ፣ ዋናውን አውራ ጎዳና ትቶ በገጠር መንገዶች ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነዳ።

ሰው የሚያወራው እስከዚህ ድረስ ነው። የሂት ሙን ጉዞ ያለቀው በወራት ነው፤ ስለ ጉዞው የጻፈው መጽሐፍ የወጣው ግን በ1982 ነው። ዓመታቱን የበላው መጻፉ ነው። የስታይንቤክን መንገድ በኋላ እግር በእግር የተከተለ ጋዜጠኛም፣ ደራሲው ብዙ ሌሊቶችን በሆቴልና በሞቴል እንዳሳለፈ ደርሶበታል። እኔ አልፈርድበትም። ቀኑን ሙሉ ሲነዳ የዋለ ሰው ሙቅ ሻወር ቢያምረው ምን ይገርማል? ብቻ ቫን ለጸሐፊ ወሬ መልቀሚያ እንጂ መጽሐፍ መጨረሻ አለመሆኑን ከሁለቱም ማየት ይቻላል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። እኛ ጋ በብዛት ያለው ቶዮታ ሃይስ ነው። መደበኛው 4.7 ሜትር ርዝመትና 1.7 ሜትር ስፋት አለው፤ ከሾፌሩ ኋላ የሚተርፈው ወለል 5 ካሬ አይሞላም። ቆሞ መሄድም አይቻልም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ዝቅ ይላል። እዚህ ላይ ጅማ የምትኮራበት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ዋጋ ያወጣል። መቀመጫው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጣሪያው ራስ አይመታም፤ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም ሦስት እግር አይንገዳገድም። ጠረጴዛው ደግሞ በማጠፊያ ከግድግዳው ጋር ይያያዛል፣ ማታ ይታጠፍና አልጋው ይዘረጋል። ለአናጺው ግን አንድ ነገር አስረግጣችሁ ንገሩት፦ ቺፑድና ኤምዲኤፍ አይሁን። የጅማ እርጥበት ያሳብጣቸዋል። ዋንዛ ወይም ደህና ኮምፖርሳቶ ይሻላል።

መብራቱ ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። ላፕቶፕ 50 ዋት ገደማ ይወስዳል እንበል። በቀን 6 ሰዓት ብትጽፉበት 300 ዋት ሰዓት ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የተለመደው የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ቶሎ ስለሚሞት 600ውን ብቻ ቁጠሩ። ያለ ፀሐይ የሁለት ቀን ጽሑፍ ማለት ነው። ጣሪያ ላይ ባለ 200 ዋት ሶላር ካለ በደህና ፀሐይ ቀን ይሞላዋል። ክረምት ላይ ግን ሰማዩ ሲደፈን ባትሪውም አብሮ ያዝናል።

ዝናቡ ነው ዋናው ፈተና። ጅማ ዓመቱን በአብዛኛው ይዘንብባታል። ላሜራ ጣሪያ ላይ ሲወርድ እንኳን ለመጻፍ ለመነጋገርም አይመችም። መስኮት ዘግቶ ያደረ ሰው ትንፋሹ ብረቱ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ማስታወሻ ደብተር ይሻግታል፣ ፍራሽ ይሸታል። ብርድ ነው ብሎ ከሰል ማስገባት ደግሞ ሞትን መጥራት ነው። የከሰል ጭስ መርዝ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ መኪና ውስጥ ሰው ሳያውቀው ይወስደዋል። ጀበናው ውጭ ይጣድ።

ሁለተኛው ፈተና ሰው ነው፤ በጥሩም በመጥፎም። ጸጥታ ፈልጋችሁ ጂረን ዳገት ላይ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዲህ አቆማችሁ እንበል። መጀመሪያ ልጆች ይከቧችኋል። ቀጥሎ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ።

«ልጄ፣ መኪናው ተበላሸብህ እንዴ?»

«አይ አባባ፣ እየጻፍኩ ነው።»

«ታዲያ ሜዳ ላይ ምን አስቀመጠህ? ቤት ግባና ጻፍ እንጂ። ቡና ተፈልቷል።»

እምቢ ማለት ነውር ነው። ሦስተኛው ስኒ ላይ ስትደርሱ ቀኑ ሄዷል። ከገጹ አንድ መስመር አልተጻፈም፤ ደብተሩ ላይ ግን ቢሮ ተቀምጦ የማይገኝ ታሪክ ሰፍሯል።

ስለ ወረቀቱ ባጭሩ፦ ወንበር ነቅሎ አልጋ መግጠም የመኪናውን አገልግሎት መቀየር ስለሆነ፣ ከመጀመሩ በፊት የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል። አለዚያ ቦሎ ሲታደስ ጣጣ ነው። ደግሞ ፎርም በሞላችሁ ቁጥር «የቤት ቁጥር» የሚል ክፍት ቦታ አለ። የሰሌዳ ቁጥር ብትጽፉበት የሚስቅ የቀበሌ ሠራተኛ ያጋጥማችሁ ይሆናል፣ የማይስቅም።

እንግዲህ ያዋጣል ወይ? ሃይስ ዛሬ በሚሊዮኖች ነው የሚሸጠው። በዚያ ብር ጅማ ላይ ስንት ዓመት ቤት መከራየት እንደሚቻል አስሉት። ኪራይ ሽሽት መኪና መግዛት ለእኛ ሒሳቡ አይመጣም። መኪናው ቀድሞ ላለው ሰው ግን፣ አልጋውን ትቶ ጠረጴዛና በርጩማ ብቻ ቢገጥምበት ጥሩ የጽሕፈት ክፍል ይወጣዋል። ቅዳሜ ጠዋት አጋሮ፣ ወረድ ብሎ ጎማ ወረዳ፤ በሌላ ሳምንት ደግሞ ካፋ ውስጥ ያለችው ቦንጋ። የቡና መገኛ እኛ ነን የሚሉት የጎማና የካፋ ሰዎች የየራሳቸውን ማስረጃ ሲደረድሩ ጎን ለጎን የሰማ ጸሐፊ፣ የአንድ መጽሐፍ ግማሽ በእጁ ገባ ማለት ነው። ማታ ቤት ይገባል፣ ይታጠባል፣ በቋሚ ጠረጴዛ ላይ ይጽፋል።

መኪና የሌለው ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር አዋጥቶ ለሁለት ቀን ሚኒባስ ኮንትራት ይያዝ። ጊዜው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቢሆን ይመረጣል። ዝናቡ ይቀንሳል፣ የቡና ለቀማው ይደራል፣ ገበሬውም የሚያወራው አያጣም። ለማደሪያ ግቢና ጥበቃ ያለው ሆቴል ይሻላል፤ በዚያ ወቅት ግን የቡና ነጋዴ ክፍሉን ስለሚሞላው ቀደም ብሎ መደወል ነው።