የአበባ ብናኝ ግድግዳና አንቲቦዲ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ንብ እግሯ ላይ ጠቅልላ የምትወስደውን ቢጫ ዱቄት ሁላችንም አይተናል። የአበባ ብናኝ ወይም ፖለን የምንለው እሱ ነው። አንዷ ቅንጣት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 ማይክሮሜትር ብቻ ናት። እንዲህ ጥቃቅን ሆና ግን ሁለት ግድግዳ አላት። የውጭው ኤክሳይን ይባላል፤ ስፖሮፖሌኒን ከተባለ እጅግ ጠንካራ ነገር የተሠራ ነው። የውስጡ ኢንታይን ለስለስ ያለ ነው፤ ሴሉሎስና ፔክቲን የተባሉ የስኳር ሰንሰለቶች ይበዙበታል። ተመራማሪዎች በዚህ ግድግዳ ውስጥ ምን የት እንዳለ ለማወቅ አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን፣ ይጠቀማሉ። ነገሩ ደስ የሚል ነው፤ ግን በስህተት የሚታሰብበት ቦታም ብዙ ነው።

«አንቲቦዲው የሚገኘው ከተክሉ ነው»

አይደለም። ተክል በሽታ የሚከላከልበት የራሱ መንገድ አለው፤ አንቲቦዲ ግን አይሠራም። የሚፈለገው ነገር፣ ለምሳሌ ፔክቲን፣ ለጥንቸል ወይም ለአይጥ ይወጋል። የእንስሳው ሰውነት እንግዳ ነገር ገባብኝ ብሎ ያንን ነገር ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ያመርታል። በ1975 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዦርዥ ኮለርና ሴሳር ሚልስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ሳያቋርጥ የሚያመርት ሴል መፍጠር ቻሉ፤ በ1984 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። የተክል ግድግዳ ጥናትም ከዚህ ብዙ ተጠቅሟል። በእንግሊዝ ጆን ኢነስ የምርምር ተቋም የተሠሩት ጂም 5 እና ጂም 7 የተባሉ የፔክቲን አንቲቦዲዎች ከአይጠ መጎጥ የተገኙ ናቸው።

አንቲቦዲ በራሱ አይታይም። ስለዚህ እሱን የሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ ይጨመራል። በሁለተኛው ላይ የሚያበራ ቀለም ወይም ጥቂት ናኖሜትር የምታህል የወርቅ ቅንጣት ትለጠፋለች። ወርቋ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስትታይ ጥቁር ነጥብ ትሆናለች።

«አንቲቦዲ የውጭውን ጠንካራ ግድግዳ ራሱን ያሳየናል»

እኔ ትልቁ ስህተት የምለው ይህን ነው። አንቲቦዲ የሚይዘው ቅርጹን የሚያውቀውን ትንሽ ቁራጭ ነው፤ የፕሮቲን ወይም የስኳር ሰንሰለት ቁራጭ ሲሆን ሥራው ይሰምራል። ስፖሮፖሌኒን ግን እርስ በርሱ የተቆላለፈ፣ በቀላሉ የማይሟሟ ነገር ነው፤ ለአንቲቦዲ አይመችም። የብናኝ አጥኚዎች ናሙናቸውን የሚያጸዱት አሴቲክ አንሃይድራይድና ሰልፈሪክ አሲድ 9 ለ 1 ደባልቀው፣ አሙቀው ነው። ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ኤክሳይን ይቀራል። በወሎ ከሐይቅና ከአርዲቦ ሐይቆች ደለል በወጣ ብናኝ የአካባቢውን ደን የ3000 ዓመት ታሪክ ማንበብ የተቻለውም ግድግዳው ስለማይበሰብስ ነው።

ታዲያ አንቲቦዲው ምን ይጠቅማል? ኤክሳይን እንዴት እንደተሠራ ይነግረናል። ብናኞች ሲወለዱ አራት አራት ሆነው ነው፤ ካሎዝ የተባለ ጊዜያዊ ግድግዳ ይሸፍናቸዋል። የካሎዝ አንቲቦዲ በየደረጃው ሲጨመር ግድግዳው መቼ እንደመጣና መቼ እንደሟሟ ይታያል። ካሎዙ እንደ ቅርጽ ማውጫ ያገለግላል። አራቢዶፕሲስ በተባለች ትንሽ የላብራቶሪ ተክል ውስጥ ካሎዝ የሚሠራው አንድ ጂን ሲበላሽ የኤክሳይኑ ጌጥም ተበላሽቶ ተገኝቷል። ያ ሁሉ እሾህና መረብ የሚያምረው፣ ቀድሞት ኖሮ በጠፋ ነገር ምክንያት ነው ማለት ነው። እኔን ሁሌም የሚደንቀኝ ይሄ ነው።

«ካበራ አለ፣ ካላበራ የለም»

ሁለቱም ያሳስታሉ። ኤክሳይን ምንም ቀለም ሳይነካው፣ ተስማሚ ብርሃን ሲያርፍበት ብቻ፣ በራሱ ያበራል። ስለዚህ የመጀመሪያው አንቲቦዲ ያልተጨመረበት ናሙና ጎን ለጎን ካልታየ ያ ሁሉ ውብ ፎቶ ዋጋ የለውም። በወርቅ ቅንጣት መሥራት ከዚህ ችግር ይገላግላል።

አለማብራትም ማስረጃ አይሆንም። የሚፈለገው ነገር በሌላ ነገር ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። በተክል ግድግዳ ላይ ፔክቲኑን በኤንዛይም ሲያነሱት ከሥሩ የተደበቀ ዛይሎግሉካን የተባለ ስኳር ብቅ ያለበት ጊዜ አለ። ናሙናው የደረቀበት ኬሚካልና የተቀበረበት ሙጫም አንቲቦዲው የሚይዘውን ቦታ ሊያበላሹ ይችላሉ።

«አለርጂ የሚያመጣው ነገር ግድግዳው ላይ ነው»

ይህን ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው አልልም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኖክስና ሄስሎፕ ሃሪሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በሚያበራ አንቲቦዲ ባደረጉት ጥናት ግድግዳ ውስጥ የተቀመጡ፣ ውሃ ሲነካቸው ቶሎ የሚወጡ ፕሮቲኖች አሳይተዋል። ሁሉም ግን እዚያ አይደለም። በ1992 የወጣ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት የራይግራስ ሣርን ብናኝ ተመለከተ። ከዋና ዋናዎቹ አለርጂ አምጪ ፕሮቲኖች አንዱ የተገኘው በብናኙ ሆድ ውስጥ፣ ስታርች ቅንጣቶች ላይ ነው። ብናኙ በዝናብ ውሃ ሲፈነዳ አንዱ ብቻ 700 ያህል የስታርች ቅንጣት ይለቃል። ሙሉው ብናኝ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ እነዚህ ግን ሳንባ ድረስ መውረድ ይችላሉ። በኅዳር 2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሜልበርን ላይ መብረቅና ዝናብ ከሣር ብናኝ ጋር በአንድ ምሽት ተገጣጠሙ። ሺዎች መተንፈስ አቅቷቸው ሆስፒታል ገቡ፤ 10 ሰዎች ሞቱ።