ከጃጓር መኪኖች ጋር ከፋብሪካ ይወጡ የነበሩ መፍቻዎችና አለያየታቸው

የድሮ የብሪታንያ የቅንጦት መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱን መሣሪያ ይዞ ይወጣ ነበር። መኪናው ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ግን መፍቻው ጋራዥ ይቀራል፤ ክሪኩ ተውሶ አይመለስም፤ ፒንሳው ከሌላ ፒንሳ ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ ሙሉ መሣሪያ ያለው መኪና ብርቅ ነው። ይህ ጽሑፍ በጃጓር ላይ ያተኩራል፤ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮልስ ሮይስና ቤንትሌይም ከመኪኖቻቸው ጋር መሣሪያ ይሰጡ ነበር። መሣሪያውን የመኪናው አካል አድርጎ በመንደፍ ግን የኮቨንትሪው ፋብሪካ ጃጓር የሚደነቅ ብልሃት አሳይቷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት፣ ኩባንያው ገና ኤስ ኤስ ይባል በነበረበት ጊዜ፣ በተሠሩት ባለ አራት በር ኤስ ኤስ ጃጓሮች መሣሪያው በኋለኛው የዕቃ ማስቀመጫ ክዳን ውስጥ ይደረደር ነበር። በ1950 በወጣው ማርክ 7 ከፊት በሮች ውስጥ ገባ። በ1959 በወጣው ማርክ 2 ደግሞ በተቀያሪው ጎማ መሐል በሚቀመጥ ክብ ሣጥን ተሰጠ። እነዚህ ማስቀመጫዎች ለእያንዳንዱ ዕቃ በልኩ የተቀረጸ ቦታ ስላላቸው፣ መሣሪያው ቢጠፋ እንኳ ባዶው ቅርጽ ምን እንደነበረበት ይመሰክራል። እንደ ኢ ታይፕ ያሉት የስፖርት መኪኖች መሣሪያቸው በሚጠቀለል ጨርቅ ውስጥ ስለነበር ይህ ምስክር የላቸውም።

ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ልኩ ነው። በብሪታንያ ለረጅም ዘመን የሠራው ጆሴፍ ዊትወርዝ በ1841 ያቀረበው የብሎን ጥርስ ደረጃ ነበር። በዚህ ደረጃ መፍቻው ላይ የሚጻፈው ቁጥር የብሎኑን ግንድ ውፍረት እንጂ የመፍቻውን አፍ ስፋት አይናገርም፤ 1/4 የሚል የዊትወርዝ መፍቻ አፉ 0.525 ኢንች ያህል ነው። ጥርሱ የደቀቀው ቢ.ኤስ.ኤፍ የተባለው ደረጃ በ1908 ሲመጣ የብሎኑ ራስ በአንድ ደረጃ አነሰ፤ በመሆኑም ያው መፍቻ የ5/16 ቢ.ኤስ.ኤፍ ብሎን ይፈታል። በአንድ አፍ ላይ ሁለት ቁጥር የሚታየው በዚህ የተነሳ ነው። በ1948 አሜሪካ፣ ብሪታንያና ካናዳ በአንድ የጥርስ ደረጃ ከተስማሙ በኋላ፣ የአፉን ስፋት በቀጥታ የሚናገሩት ኤ.ኤፍ መፍቻዎች ቦታውን እየያዙ መጡ። በ1961 በጄኔቫ ለሕዝብ የቀረበው ኢ ታይፕ የኤ.ኤፍ መኪና ነው፤ የዊትወርዝ መፍቻ በጥቅሉ ውስጥ ከተገኘ ከሌላ መኪና የመጣ ነው ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ የሠሪው ምልክት ይታያል። ጃጓር መፍቻ አይቀጠቅጥም ነበር፤ ከበርሚንግሃምና ከአካባቢው ባለሙያዎች ይገዛ ነበር። ከስሙ ጋር በብዛት የሚነሱት ጋሪንግተን፣ ሼሊ እና የቀንድ አውጣ ምስል ያለበት፣ በበርሚንግሃም ሶልትሊ ሰፈር የነበረው የቶማስ ስሚዝና ልጆቹ ድርጅት ሥራ ናቸው። የትኛው ሠሪ ለየትኛው ዓመት እንዳቀረበ ሰብሳቢዎች አይስማሙም። አንድ ሞዴል አንድ ሠሪ ብቻ ነበረው የሚለውን ሐሳብ እኔ አልቀበለውም፤ ፋብሪካው ያገኘውን ይገዛ ነበር ማለት ይቀላል። ከብረቱ ጋር አብረው የተቀጠቀጡ ፊደላት ጠርዛቸው ትንሽ ለስለስ ያለ ነው፤ አዲስ ቅጂ ላይ ያሉት ግን ብዙ ጊዜ ስል ሆነው ይታያሉ። አሮጌ መፍቻ አግኝቶ በክሮም ማስለበጥ ይህን ምስክር ማጥፋት ነው፤ በዘይት የራሰ ጨርቅ ይበቃዋል።

ሽቦ ጎማ ላለው መኪና የሚሰጠው መዶሻም ዘመኑን ይናገራል። በመሐሉ ያለው ትልቅ ዳዶ ጆሮ ስላለው፣ ጆሮውን እንዳይጎዳ ለስላሳ ፊት ባለው መዶሻ እየመቱ ይፈቱት ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ የደኅንነት ደንብ ጆሮውን ስላስቀረው፣ ለዚያ ገበያ የተሠሩት መኪኖች በዳዶው ላይ ተደርጎ በመዶሻ የሚመታ ተጨማሪ መፍቻ ተሰጣቸው። ጆሮ ያለው ዳዶ በታሰረበት መኪና ውስጥ ይህ መፍቻ ከተገኘ ወይ መፍቻው ወይ ዳዶው ተቀይሯል።