የድሮ ወታደራዊ ልብስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዳማ ገበያ ውስጥ ቦንዳ ሲፈታ አልፎ አልፎ የድሮ የወታደር ጃኬት ብቅ ይላል፤ ከቤተሰብ ሣጥን የሚወጣም አለ። ሰብሳቢው ግን ብዙውን ጊዜ ልብሱን ገልብጦ ከማየቱ በፊት አብሮት የመጣውን ወሬ ያምናል።

«አያቴ ኮሪያ ሲዘምቱ የለበሱት ነው።» ከሁሉ አብዝቼ የምሰማው ይህንን ነው፤ መነሻ የሌለውም ወሬ አይደለም። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ ገብቶ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ሲሰለፍ የለበሰው የአሜሪካን ልብስ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ጎረቤቴ በዚህ ስም ያሳየኝ ጃኬት እጅጌው በቁልፍ ሳይሆን በቬልክሮ የሚያያዝ፣ ኮሌታው ውስጥም በዚፕ የሚዘጋ ቆብ የተጠቀለለበት ነበር። ይህ ኤም-65 የሚባለው ነው፤ ስሙ እንደሚያመለክተው በ1965 የወጣ ሞዴል ሲሆን የኮሪያው ውጊያ ደግሞ በ1953 ቆሟል። ገበሩ ላይ የተሰፋው ጽሑፍም «ዲኤስኤ 100-71» ብሎ ይጀምራል፤ በእንዲህ ያለ ቁጥር ከ100 ቀጥለው የሚመጡት ሁለት አኃዞች የግዢ ውሉን የበጀት ዓመት ያሳያሉ፤ ዲኤስኤ የተባለው የአሜሪካ ጦር የአቅርቦት መሥሪያ ቤትም የተቋቋመው በ1961 ነው። አያቱ አልዘመቱም ማለት ግን አይደለም፤ ልብስ ይለወጣል፣ ይሸጣል፣ ይወረሳል።

«ይህቺ ትርፍ ጨርቅ ናት።» በዚያው ጃኬት እጅጌ ጫፍ ወደ ውስጥ የታጠፈች ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ አለች። ጎረቤቴ ጃኬቱን ለማሳጠር ሲወስደው ልብስ ሰፊው የፋብሪካ ስሕተት መስላው መቀሱን አንሥቶ ነበር። ጨርቋ ስትዘረጋ የእጅን ጀርባ ከብርድ ትሸፍናለች። ለአዳማ ሙቀት ምንም አትፈይድም፤ ከተቆረጠች ግን ጃኬቱ ለሰብሳቢ ጎዶሎ ነው።

«ትከሻ ላይ ያለው ማሰሪያ ለማዕረግ የተሠራ ነው።» ዛሬ ማዕረግ ይቀመጥበታል፤ የቀደመ ሥራው ግን የጥይት ቀበቶና የቦርሳ ማንገቻ ከትከሻ እንዳይንሸራተት መያዝ ነበር።

«ቁልፉ ከላይ የሚታይ የጫካ ልብስ የውሸት ነው።» ነገሩ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ በ1960ዎቹ ለቬትናም ያሰፋችው የመጀመሪያው የጫካ ልብስ የኪሶቹ ቁልፎች የሚታዩ ነበሩ፤ ከቅርንጫፍ ጋር እየተያያዙ ስላስቸገሩ በኋላ የመጡት በጨርቅ ተሸፈኑ። ስለዚህ የሚታየው ቁልፍ ቀዳሚውን ሥሪት ሊጠቁም ይችላል። የደረት ኪሶቹ ወደ ውስጥ ዘመም ማለታቸውም እንዲሁ ለጌጥ ሳይሆን እጅ በቀላሉ እንዲገባባቸው ነው።

«በአልትራቫዮሌት መብራት ክሩ ካበራ ልብሱ አዲስ ነው።» በዛሬ የልብስ ሳሙና ውስጥ ያለው ማንጫ ንጥረ ነገር የድሮውንም ጥጥ ያበራል። አንዴ በኦሞ የታጠበ የድሮ ሸሚዝ በዚህ ፈተና በከንቱ ይወድቃል።

«የአሜሪካ ሥሪት ከሆነ ወታደር ለብሶታል።» አልፋ ኢንዱስትሪስን የመሰሉ አምራቾች ለጦሩም ለሲቪል ገበያም ያንኑ ቅርጽ ሰፍተዋል። ልዩነቱን በአብዛኛው የሚናገረው ገበሩ ላይ ያለው የውል ቁጥር በመሆኑ፣ ጽሑፉ ተቆርጦ ለወጣ ጃኬት እኔ የምከፍለው የተራ ጃኬት ዋጋ ብቻ ነው።