«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት»፦ ትርጉሙና ስለ ስደት ለልጆች የሚነግራቸው

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው አነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው፣ አንድ ሰው በድንገት ሲታመም ወይም ሐዘን ሲደርስበት፣ ዘመዶቹ ከያሉበት እስኪመጡ ድረስ ጎረቤት ሲያስታምመው፣ ድንኳን ሲተክልለትና ለቀስተኛ ሲቀበልለት ነው። አነጋገሩ ዝምድናን አያቃልልም። ዘመድ የቱንም ያህል ቢሳሳ፣ በመካከል ያለው መንገድ በችግር ሰዓት እንዳይደርስ ያግደዋል ማለቱ ነው። ስለዚህ ከወገኑ ርቆ በሰው አገር ለሚኖር ሰው ከማንም ይልቅ የቀረበ ምሳሌ ይመስለኛል።

አሳቡ ጥንታዊ ነው። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 27 ቁጥር 10 ላይ በቅርብ ያለ ሰው ከራቀ ወንድም እንደሚሻል ተጽፏል፤ ቁርኣንም በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 36 ለቅርብም ለሩቅም ጎረቤት መልካም መሥራትን ያዛል። በአንድ ግቢ የሚያድጉ ክርስቲያንና ሙስሊም ልጆች ይህን ምሳሌ ከየቤታቸው እምነት ጋር አስማምተው ሊሰሙት የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ስደትን ለልጅ ለማስረዳት የሚፈልግ የአዲስ አበባ ወላጅ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ ያደገችው ከየአቅጣጫው በመጡ ሰዎች እንደሆነ ወሎ ሰፈር፣ ጎፋ ሰፈር፣ ጎጃም በረንዳ የሚሉት ስሞቿ ይናገራሉ። መሐል አራዳ ውስጥ ደግሞ አርመን ሰፈር አለ። ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ በ1907 ዓ.ም. ከጀመረው የአርመኖች ጭፍጨፋ የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ጓድ አግኝተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» ተብለው የሚታወቁት እነዚህ ናቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ ዘውዳዊው ሥርዓት ፍጻሜ ሲዘመር የኖረውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። ልጆች ይህን ታሪክ ሲሰሙ ሁለት ነገር አብረው ይረዳሉ፤ ሰው አገሩን የሚለቀው ወዶ ብቻ እንዳልሆነ፣ ከሩቅ የመጣ ሰውም ተረጂ ሆኖ ብቻ እንደማይቀር። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ስደተኛን ሁልጊዜ የሚታዘንለት ሰው አድርጎ ማቅረብ ግን ልጆችን ርኅራኄን እንጂ ጉርብትናን አያስተምርም።

ጉርብትና ከሁለት ወገን ነው። እናት ቡና አፍልታ ልጇን «ሂድ፣ ቡና ደርሷል በላቸው» ብላ ወደ ጎረቤት ስትልክ፣ ልጁ ማን ማን እንደሚጠራ እየተማረ ነው። አዲስ የመጣው ቤተሰብ ከደቡብ ሱዳን፣ ከኤርትራ ወይም ከየመን ቢሆንም፣ የእነሱንም በር እንዲያንኳኳ መላክ ከረጅም ምክር ይበልጣል፤ ነገ በተራቸው ሲጠሩም መሄድ ይገባል። በበዓል ቀን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ የየራሳቸውን ሥጋ እንደሚበሉ የሚያውቅ ጎረቤት፣ ሌላው ሊቀምሰው የሚችለውን ዳቦ ወይም የጾም ወጥ ለይቶ ያዘጋጃል። ልጁ ይህን ሲያይ፣ ልዩነትን ሳይደብቁ በአንድ ማዕድ መቀመጥ እንደሚቻል ይገነዘባል።

በትምህርት ቤትም ጉዳዩ ይነሳል። የስደተኞች ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንደ ኢትዮጵያውያን ልጆች እንዲያገኙ ይፈቅዳል። ሆኖም ሕጉ ክፍል ውስጥ ያስገባል እንጂ በዕረፍት ሰዓት አብሮ የሚጫወት ጓደኛ አይሰጥም፤ ይህ የልጆቹና የአስተማሪዎቻቸው ድርሻ ነው። አንድ ልጅ «ለምን ወደ አገራቸው አይመለሱም?» ብሎ ሲጠይቅ ዝም ማሰኘት አይገባም። ጦርነት፣ ድርቅና ሥራ ማጣት ሰውን ከቤቱ እንደሚያስወጡ በዕድሜው ልክ ሊነገረው ይገባል። ከዚያም ቤሩት ወይም ጅዳ ያለች አክስት ካለችው፣ እሷ ስትታመም ውሃ የሚያቀብላት ማን እንደሆነ በስልክ እንዲጠይቃት ማድረግ ይቻላል።