«አልያዘለትም» ከማለት በፊት፦ ስለ ልጆች የኤዲኤችዲ መድኃኒት የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

የ8 ዓመት ልጅ ነው፤ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) አለበት። ሐሙስ ዕለት ለዚሁ የሚሰጠው ሜቲልፌኒዴት የተባለ መድኃኒት 5 ሚሊግራም ተጀመረለት። ሰኞ ጠዋት ወላጅ ተመልሶ «መድኃኒቱ አልያዘለትም፤ ሌላ ይቀየርልን» ይላል። ደብረ ብርሃን ላይም፣ መሐል ሜዳ ላይም፣ ሸዋሮቢት ላይም የሚነገረው ቃል ያው ነው። ለአራት ቀን ብቻ፣ በመነሻ መጠን ተሰጥቶ፣ ያውም ማታ ማታ ብቻ የታየ መድኃኒት ገና አልተሞከረም። እሱን በደንብ እናየዋለን፤ መጀመሪያ ግን ጥቃቅኖቹን እናራግፍ።

«ስኳር ስለሚያበዛ ነው።» አይደለም። ስኳር ጥርስ ያበላሻል እንጂ ኤዲኤችዲ አያመጣም።

«ሴት ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም።» አለ። ብዙ ጊዜ እሷ ወንበር አታንኳኳም፤ ደብተሯን ከፍታ በሐሳብ ትነጉዳለች። መምህሩም «ጨዋ ናት» ብሎ ያልፋታል።

«ስልክ ሲሰጡት ሁለት ሰዓት ንቅንቅ አይልም፤ ስለዚህ ስንፍና ነው።» ስልኩ በየሰከንዱ አዲስ ነገር ያቀርብለታል፣ የሒሳብ ደብተሩ አያቀርብለትም። የጎደለው ትኩረትን ወደሚፈለገው ነገር መልሶ እዚያው ማቆየት ነው።

«ቀበጥባጣ ልጅ ሁሉ ኤዲኤችዲ አለበት።» ይህኛው ትንሽ ያቆየናል። ምልክቱ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የታየ፣ ቢያንስ 6 ወር የቆየ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም የሚገኝ መሆን አለበት። ቤት ውስጥ ብቻ የሚረብሽ ልጅ የሌላ ነገር ምልክት ሊሆን ይችላል። ጆሮው በተደጋጋሚ የሚመግል ልጅ ስለማይሰማ «ትእዛዝ አይቀበልም» ይባላል። ሌሊት እያንኮራፋ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ የሚያድር ልጅ ቀን ላይ ይቁነጠነጣል። ለ10 ሰከንድ ያህል ዓይኑ ፈጥጦ ሲጠሩት የማይሰማ፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ የሚቀጥል ልጅ ደግሞ የሚጥል በሽታ አንዱ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያስፈልገዋል። ዕድሜው ከ6 ዓመት በታች ከሆነ የመጀመሪያው ሕክምና ለወላጅ የሚሰጥ የልጅ አያያዝ ሥልጠና ነው፤ ኪኒን በኋላ ይመጣል።

«እንቅልፍ የሚያስወስደው ነገር ቢሰጠው ይረጋል።» ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። የጉንፋን ሽሮፕ እየሰጡ ማስተኛትም ሆነ ለትልቅ ሰው ከታዘዘ ዲያዚፓም ላይ ቆርሶ መስጠት ልጁን ያደነዝዘዋል እንጂ ትኩረት አይሰጠውም፤ አንዳንዱን ጭራሽ ያብስበታል። ፌኖባርቢታል ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለሚጥል በሽታ በየጤና ጣቢያው የሚሰጥ ርካሽና ጠቃሚ መድኃኒት ቢሆንም፣ በልጆች ላይ ከሚታወቁት ጎንዮሽ ጉዳቶቹ አንዱ ይኸው መቅበጥበጥና ብስጭት ነው። ልጁ መቅበጥበጥ የጀመረው ፌኖባርቢታል ከጀመረ በኋላ ከሆነ ሌላ መድኃኒት ከመደረብ በፊት ይህንኑ ለሐኪሙ ንገሩት። በራሳችሁ ግን እንዳታቆሙት፤ በድንገት የቆመ ፌኖባርቢታል ተከታታይ የሚጥል በሽታ ያስነሳል።

አሁን ወደ ዋናው።

«ሞክረነዋል፤ አልያዘለትም።»

የመጀመሪያው ስህተት የመጠን ነው። 5 ሚሊግራም የሚሰጠው የልጁ አካል እንዴት እንደሚቀበለው ለማየት ነው፤ ለብዙ ልጅ ይበቃል ተብሎ አይደለም። ከዚያ በየሳምንቱ 5፣ አልፎ አልፎ 10 ሚሊግራም እየተጨመረ ይሄዳል። ጥቅሙ ጎልቶ ጎንዮሽ ጉዳቱ ሳይከብድ የተገኘው መጠን ላይ ይቆማል። የተለመደው ጣሪያ በቀን 60 ሚሊግራም ሲሆን አብዛኛው ልጅ እዚያ ሳይደርስ መጠኑን ያገኛል። ፍለጋው ከአንድ ወር እስከ ወር ተኩል ሊወስድ ይችላል። በዚህ መንገድ በአግባቡ ከሞከሩ 10 ልጆች 7 ያህሉ ለውጥ ያሳያሉ። በሁለተኛው ሳምንት ያቋረጠ ወላጅ ልጁ ከሰባቱ ይሁን ከሦስቱ አላወቀም።

ሁለተኛው ስህተት የሰዓት ነው፤ ቢነገርም ቢነገርም ከጆሮ የማይገባውም እሱ ነው። ለአጭር ሰዓት የሚሠራው የሜቲልፌኒዴት ኪኒን (ሪታሊን) ከተዋጠ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ መሥራት ይጀምራል፣ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ሠርቶ ይወጣል። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ቁርሱን በልቶ 1፡30 ላይ ቢውጥ 2፡00 ገደማ ይጀምርለታል፣ 5፡30 ላይ አልቋል። እናት ልጇን የምታየው መቼ ነው? ከ1፡30 በፊትና ከ6፡30 በኋላ። መድኃኒቱ ገና ሳይገባ ታየዋለች፣ ከወጣ በኋላ ታየዋለች፣ ከዚያ «ምንም ለውጥ የለም» ትላለች። እውነቷን ነው፤ እሷ ባየችበት ሰዓት የለም። ይባስ ብሎ መድኃኒቱ ሲወጣ አንዳንድ ልጅ ለአንድ ሰዓት ያህል ከበፊቱ የባሰ ይነጫነጫል። ልክ ከትምህርት ቤት ሲገባ ስለሚሆን «ኪኒኑ አሳበደው» ይባላል። ይህ ሲያጋጥም መጠኑ ወይም ሰዓቱ ይስተካከላል፣ አንዳንዴም ትንሽ ሁለተኛ መጠን ይጨመራል።

ፈረቃው በሚዞርበት ትምህርት ቤት የኪኒኑም ሰዓት አብሮ መዞር አለበት። ከሰዓት በኋላ የሚማር ልጅ ጠዋት 1፡30 ላይ የዋጠው ኪኒን የሠራው ጓሮ ሲጫወት ነው፤ ለእሱ ትክክለኛው ሰዓት ምሳ በልቶ 6፡00 ላይ ነው። ከ10፡00 በኋላ ግን አይሰጥ፣ እንቅልፍ ይነሳል። የአንድ ሰዓት መንገድ በእግሩ የሚሄድ የመንዝ ልጅ ከቤት ሲወጣ 12፡30 ላይ ቢውጥ የመድኃኒቱ ሩብ መንገድ ላይ ያልቃል፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍለ ጊዜዎችም ያለ መድኃኒት ይማራል። የሚሻለው የሳምንቱን ኪኒን ለክፍል ኃላፊው መምህር አስረክቦ ልጁ ደወል ሲደወል እዚያው እንዲውጥ ማድረግ ነው፤ ቁርሱን ግን ቤቱ ይብላ።

ሦስተኛው ስህተት የሚቆጣጠረው ሰው ነው። መምህሩ ካልመዘገበ ማንም አያውቅም። ከደብተር አንድ ገጽ ገንጥሉ። ከላይ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጎን አራት መስመር፦ ሳይፈቀድለት ከመቀመጫው ተነሳ፣ የተሰጠውን የክፍል ሥራ ጨረሰ፣ ሰው ሲናገር አቋረጠ፣ ዕቃ ጣለ ወይም ረሳ። መምህሩ በቀኑ መጨረሻ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ችግሩ የታየበትን ያህል ይሙላ፤ ሥራውን ሙሉ በሙሉ የጨረሰ ቀን 0 ነው። ደቂቃ አይፈጅበትም። ከገጹ ጀርባ ወላጅ ሁለት ነገር ይጻፍ፦ ምሳውን ምን ያህል በላ፣ ስንት ሰዓት ተኛ። የመጀመሪያው ገጽ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ባለው ሳምንት መሞላት አለበት፤ ያለዚያ ከምን ጋር ታወዳድራላችሁ? መጠን የምትጨምሩት ቅዳሜ ይሁን፣ የመጀመሪያውን ቀን ራሳችሁ እንድታዩት። በዚያው ሳምንት ክፍል ማዘዋወር፣ አስጠኚ መቅጠር፣ ሌላ ኪኒን መጀመር አይቻልም። ሁለት ነገር አብሮ ከተቀየረ የሠራው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

በዚህ ሁሉ አልፎ ለውጥ ካልመጣ ያኔ «አልያዘለትም» ይባላል፣ ወደ ሌላም ይኬዳል።

«ያው አንድ ነው፤ ያለውን ስጡን።» ሜቲልፌኒዴት በየፋርማሲው መደርደሪያ ላይ ስለማይገኝ ይህ ልመና ይገባናል። በምትኩ የሚሰጡት ሌሎቹ መድኃኒቶች ግን አንድ አይደሉም። አቶሞክሴቲን በየቀኑ ሳይቋረጥ የሚወሰድ ሲሆን ሙሉ ውጤቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ እሱን በሳምንቱ «አልሠራም» ማለት ዘር በተዘራ በሳምንቱ አጨዳ መውጣት ነው። ክሎኒዲን የደም ግፊት ስለሚያወርድ በሸዋሮቢት ሙቀት ውኃ የማይጠጣ ልጅ ብድግ ሲል ሊያዞረው፣ ሊጥለውም ይችላል። ኢሚፕራሚን ከመጀመሩ በፊት የልብ ምርመራ ይፈልጋል፤ ጥቂት ፍሬ ኪኒን ትንሽ ወንድም ቢውጥ ሊገድለው ስለሚችል ቁልፍ ያለው ሳጥን ከሌላችሁ ቤት አታስገቡት። ሪስፔሪዶን ኃይለኛ ቁጣና ድብድብ ላይ ሊረዳ ይችላል፤ ትኩረት አይጨምርም።

«ልጄ ወፍራም ነው፣ ብዙ ያስፈልገዋል።» ለሜቲልፌኒዴት ኪሎ ብዙ አይናገርም፤ 40 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 10 ሚሊግራም ይበቃው ይሆናል፣ 22 ኪሎ የሆነችው 20 ትፈልግ ይሆናል። በኪሎ የሚሰላው አቶሞክሴቲን ነው፦ በ0.5 ሚሊግራም ለኪሎ ይጀመርና ወደ 1.2 ያድጋል። ለ24 ኪሎ ልጅ ሒሳቡ 12 ከዚያም 29 ገደማ ይመጣል፤ ካፕሱሉ የሚሠራው በ10፣ በ18፣ በ25፣ በ40 እና ከዚያ በላይ ስለሆነ 10 ተጀምሮ ወደ 25 ይሄዳል። ካፕሱሉ አይከፈትም፣ ዱቄቱ ዓይን ያቃጥላል።

«ጭጭ ካለ ሠርቷል።» ተሳስታችኋል። የማይስቅ፣ የማይጫወት፣ ፊቱ የፈዘዘ ልጅ መጠኑ በዝቶበታል ወይም መድኃኒቱ አልተስማማውም። ትክክለኛው መጠን የተገኘለት ልጅ ያው ተጫዋች ልጅ ነው፤ የጀመረውን ግን ይጨርሳል።

«አሜሪካ ያለችው አክስቱ ትልክለታለች።» ሜቲልፌኒዴት በ1971 በተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው፤ ያለ ማዘዣ በሻንጣ መግባቱ መዘዝ አለው። ከዚያም በላይ የሚመጣው ዓይነት ሌላ ነው። ኮንሰርታ 18 ሚሊግራም ሜቲልፌኒዴቱን ቀስ እያለ ለ12 ሰዓት ያህል የሚለቅ ስለሆነ እንደ ሪታሊን በምላጭ ለሁለት ከተቆረጠ የቀኑ መጠን በአንዴ ይለቀቃል። ሳይቆረጥ የተዋጠው ደግሞ ቅርፊቱ በሰገራ ሳይሟሟ ስለሚወጣ «ኪኒኑ ሳይፈጭ ወጣ» ብለው የሚደነግጡ አሉ፤ ቅርፊቱ ባዶ ነው፣ መድኃኒቱ ገብቷል። አዴራል ደግሞ ጭራሽ ሌላ ንጥረ ነገር ነው፤ በሪታሊን መጠን አይተካም።

«ሱስ ያስይዘዋል።» በታዘዘው መጠን በአፍ የሚወሰድ ከሆነ ልጁን ሱሰኛ አያደርገውም። ሊያሳስባችሁ የሚገባው ፈተና የደረሰበት ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ኪኒኑን ቁጠሩ። ጫት የሚቅም ጎረምሳ ከሆነ ግን ሳይደብቅ ለሐኪሙ ይናገር፤ ሁለቱም የልብ ምት ይጨምራሉ።

«የምግብ ፍላጎቱን ዘግቶ ያከሳዋል።» በከፊል እውነት ነው። ምሳ ላይ ይዘጋል፣ ማታ ይመለሳል። ስለዚህ ከኪኒኑ በፊት ጠንከር ያለ ቁርስ ይብላ፤ የገብስ ገንፎ ወይም በሶ ጥሩ ነው። ምሳ አይገደድ፤ እራት ላይ፣ ከመኝታ በፊትም ይደገምለት። በጾም ወቅት ተልባ፣ ሱፍና ለውዝ ይጨመር። ከመጀመሩ በፊት ክብደት፣ ቁመት፣ የደም ግፊትና የልብ ምት ይለካ፤ ክብደቱ ቢያንስ በየ3 ወሩ፣ ሌላው በየ6 ወሩና መጠን በተቀየረ ቁጥር ይደገም። ቁመቱ በትንሹ ሊዘገይ ስለሚችል ቁጥሩን ደብተር ላይ ያዙ። ከቤተሰብ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ካለ ከመጀመሪያው ኪኒን በፊት ተናገሩ። እስከ ስድስት ሰዓት የሚጾም ልጅ ካላችሁ የንስሐ አባቱን አማክሩ፤ የታመመ ልጅ ቁርስ በልቶ መድኃኒት ይዋጥ ቢባሉ ብዙ አባቶች አይከለክሉም።

«ጸበል ከገባ ኪኒን ማቆም አለበት።» አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤችአይቪ መድኃኒትንና ጸበልን አብሮ መጠቀም እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል፤ ለኤዲኤችዲ የተለየ ሕግ አልወጣም። ጸበሉን በባዶ ሆዱ ይጠጣ፣ ከዚያ ቁርሱን በልቶ ኪኒኑን ይዋጥ። ሜቲልፌኒዴት ቢቋረጥ ልጁ ወደ ነበረበት ይመለሳል እንጂ ሕይወቱን አደጋ ላይ አይጥለውም። ክሎኒዲን ግን በድንገት ከቆመ የደም ግፊቱ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ መቆም ካለበት በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ለ14 ቀን የምትሄዱ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ኪኒኑን ቁጠሩ። የ16 ቀን ያህል ይኑራችሁ፣ ከነማሸጊያው በፕላስቲክ ይጠቅለል፣ መጠመቂያው ቦታ ሲገባም ልጁ ኪስ ውስጥ ሳይሆን ውጭ የሚጠብቀው ሰው እጅ ላይ ይቆይ።