የአስተያየት ሳጥንና መዝገብ አያያዝ በባሕር ዳር

ባሕር ዳር ውስጥ ለጉዳይ ወደ ክፍለ ከተማ ወይም ወደ ሆስፒታል የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳ ላይ «አስተያየት መስጫ» የሚል ሳጥን ያያል። በሐይቁ ዳር ባሉ ሆቴሎችና መዝናኛዎች ደግሞ እንግዳ መቀበያው ላይ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ይቀመጣል። ሁለቱ ለአንድ ሥራ የተዘጋጁ ቢሆኑም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ሳጥን ውስጥ የገባን ወረቀት የሚያየው ሳጥኑን የከፈተው ሰው ብቻ ነው። መዝገብ ላይ የሰፈረውን ግን ቀጥሎ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ያነበዋል። ስለዚህ የሳጥን ችግር በአመዛኙ ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚለው ሲሆን፣ የመዝገብ ችግር ደግሞ የትኛው ጽሑፍ ይታይ፣ የትኛው ይሸፈን የሚለው ነው። ሁለቱንም የሚገድላቸው ግን አንድ ነገር ነው፤ መልስ ማጣት። ሰው ተሰድቦ እንኳ ደጋግሞ ይጽፋል፤ መልስ ካጣ ግን ሁለተኛ አይጽፍም።

ሳጥኑ

30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሳጥን ለአንድ መሥሪያ ቤት ይበቃል። የወረቀት ማስገቢያው ቀዳዳ 15 ሴንቲ ሜትር ቢረዝምና 1 ሴንቲ ሜትር ቢሰፋ ተጣጥፎ የመጣን ወረቀት ይቀበላል፤ እጅ ግን አያስገባም። ከቀዳዳው በስተጀርባ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ቁራጭ ቆርቆሮ ካልተበየደለት ወረቀቱ በሽቦ ተስቦ ሊወጣ ይችላል። ባሕር ዳር ላይ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል፣ ከነፋስ ጋርም ወደ ጎን ይመታል። ስለሆነም በረንዳ ላይ የሚሰቀል ሳጥን ክዳኑ ከፊቱ ቢያንስ አራት ጣት ወጣ ብሎ እንደ ታዛ ቢሠራ ይመረጣል። የረጠበ ወረቀት ደርቆ ቢነበብም በውኃማ ቀለም የተጻፈው ይጠፋል። አጠገቡ በሲባጎ የሚታሰረው እስክሪብቶ ተራው ቢክ ዓይነት መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ቦታው ከቁመናው ይበልጣል። ሳጥኑ ከኃላፊው በር ፊት ለፊት፣ ከጥበቃው ወንበር ጎን ወይም የደኅንነት ካሜራ በሚያየው ቦታ ከተሰቀለ ምስጋና ብቻ ይሰበስባል። ባለጉዳዩ ጨርሶ ሲወጣ በሚያልፍበት መተላለፊያ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ያለ ሰውም እንዲደርስበት ከወለሉ ከ120 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ከፍታ መሆን አለበት።

አንድ ኤ-4 ወረቀት ለአራት ቢቆረጥ አራት መጻፊያ ይወጣዋል፤ 500 ቅጠል ያለው አንድ እሽግ 2,000 ይሆናል ማለት ነው። ቅጹ ላይ ቀን፣ የመስኮት ወይም የክፍል ቁጥር፣ ምን እንደ ሆነና ምን ቢደረግ ይሻላል የሚሉት ብቻ ይበቃሉ። ስምና ስልክ ከታች፣ «ካልፈለጉ አይሙሉ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ይቀመጥ። ስም መጀመሪያ ላይ ሲጠየቅ ሰው እዚያው እስክሪብቶውን ያስቀምጣል።

ሳጥኑ ሁለት ጓጉንቸር ይኑረው፤ ቁልፎቹም በሁለት የተለያዩ ሠራተኞች እጅ ይሁኑ። ከሁለቱ አንዱም የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መሆን የለበትም፤ ከሚጻፈው ብዙው እሱን ወይም የቅርብ ባልደረባውን ይነካልና። በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት ሦስት ሰው ባለበት ይከፈታል። አሠራሩ ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ ወረቀቱ ሳይነበብ ይቆጠርና ቁጥሩ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ እያንዳንዱ ላይ ተራ ቁጥርና የቀን ማኅተም ይመታል፤ ንባቡ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ይህን ይገለብጡታል፤ እያነበቡ ይቆጥራሉ። ያን ጊዜ ደስ የማይለው ወረቀት ኪስ ቢገባ ጎደለ የሚል የለም። ሳጥኑ ባዶ ሲሆንም «ባዶ ነበር» ተብሎ ይጻፋል፤ ሳይከፈት ያለፈ ሳምንትና ባዶ የነበረ ሳምንት መለየት አለባቸውና። ቁልፉ ጠፍቶ ለወራት የተዘጋ ሳጥን የማስቲካ ልጣጭና የባንክ ደረሰኝ ይሞላዋል፤ ወረቀት በቀዳዳው ብቅ ብሎ ሲያይ ተገልጋዩ ማንም እንደማይከፍተው ያውቃል።

መለየት

የተነበበው በአራት ይለያል፤ ምስጋና፣ ቅሬታ፣ ሐሳብና ጥቆማ። ሙስናን ወይም ስርቆትን የሚመለከት ጥቆማ በጉባኤው ፊት ጮክ ተብሎ አይነበብም። በፖስታ ታሽጎ ለሥነ ምግባር ክፍሉ፣ ጥቆማው ክፍሉን ራሱን የሚነካ ከሆነ ደግሞ ለበላይ አካል ይሄዳል። የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የወጣውም ጠቋሚ እንዳይጎዳ ነው። በትንሽ መሥሪያ ቤት የእጅ ጽሕፈት ራሱ ስም ስለሆነ ዋናው ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ መዞር የለበትም፤ ጭብጡ ተገልብጦ ይዞራል።

ቀላል የሚመስለው ምስጋናን መለየት ነው፤ ነገር ግን ጎጃም የቅኔ አገር ነው። «እግዜር ይስጥልን፤ የአንድ ቀን ጉዳያችንን በሦስት ወር ጨረሳችሁልን» የሚል ወረቀት፣ «እግዜር ይስጥልን» የምትለዋን ብቻ አይቶ ባለፈ ሠራተኛ እጅ ከምስጋና ጎራ ይቆጠራል። ይህ ዓይነቱ አሽሙር በዕድሜ ጠና ያሉና የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሱ ተገልጋዮች አዘውትረው የሚጽፉት ነው፤ ሪፖርቱንም ያሳምረዋል። መፍትሔው ሁለት ነው። እያንዳንዱን ምስጋና ሁለተኛ ሰው ያንብበው፤ ምን እንደተደረገለት ያልጠቀሰ ምስጋና ደግሞ በቁጥር ውስጥ አይግባ። ሁለተኛው ደንብ ሌላም ነገር ይይዛል፤ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ሊደርስ ሲል በአንድ ቀለም፣ በአንድ እጅና በአንድ ቀን የተጻፉ የሠራተኞች የራስ ምስጋናዎችን። ተፎካካሪ ንግድ ቤት የሚያስጽፈው ስድብም እንዲሁ ይታወቃል፤ ቀን የለውም፣ የበላውን ምግብ አይጠቅስም፣ ክፍል ቁጥር አይናገርም።

ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ሳጥኑ አያገለግለውም። ከመሥሪያ ቤት ደጅ የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ቢኖሩም ለቅሬታ ገንዘብ ማስከፈል አግባብ አይደለም። አንድ ሠራተኛ ቃሉን ይጽፍለታል፣ መልሶ ያነብለታል፣ የጣት አሻራ ያስነሣዋል። መልሶ ማንበቡ እንዳይዘለል፤ ጸሐፊው ሳያውቀው ቃሉን ያለሰልሳልና።

መዝገቡ

መዝገብ 200 ገጽ ያህል ያለው ጥራዝ ሆኖ እያንዳንዱ ገጽ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የገጹ ብዛትም በውስጠኛው ሽፋን ላይ ተጽፎ ማኅተም ያርፍበታል። ገጽ 47 ያለበት ቅጠል ቢቀደድ ቀጣዩ እንግዳ ከ46 ወደ 49 መዘለሉን ያያል፤ ሊደበቅ ከነበረው ስድብ ይልቅ የተቀደደው ገጽ ይበልጥ ያስወራል። የሚጠቅመው አሠራር የግራውን ገጽ ለእንግዳው፣ የቀኙን ለመልስ መተው ነው። ቀኙ ባዶ ሆኖ የቀጠለ መዝገብ ከማንኛውም ቅሬታ በላይ ቤቱን ያሳጣዋል።

መታየት የሌለበት ነገር ሲጻፍ አይቀደድም፣ በቀለምም አይደለዝም። ቃሉን ብቻ የሚሸፍን ቁራጭ ወረቀት በላይኛው ጠርዝ ብቻ ይለጠፍበትና ማን፣ መቼና ለምን እንደ ሸፈነው ይፈረምበታል። ወረቀቱ ሲነሣ ዋናው ጽሑፍ እንዳለ መገኘት አለበት። የሚሸፈነው ጥቂት ነው። ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ጾታን ወይም አካል ጉዳተኝነትን መነሻ አድርጎ ጥላቻ የሚቀሰቅስ ቃል አንዱ ነው፤ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ይህን የሚመለከት ነው። በስሙ የተጠራ ሰውን ያለ ማስረጃ ሌባ ወይም አመንዝራ የሚል ሌላው ነው፤ ስም ማጥፋትን የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 613 ይዞታል። የስልክ ቁጥርና የመታወቂያ ቁጥርም ይሸፈናል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። «ዓሣው ሸተተ»፣ «ዋጋው ዘረፋ ነው»፣ «አስተናጋጁ አመናጨቀኝ» የሚሉት ግን የቱንም ያህል ቢመሩ አይነኩም። ድንበሩ እዚህ ላይ ካልጸና ሸፋኙ ቀስ በቀስ የማይመቸውን ሁሉ መሸፈን ይጀምራል።

የቀንና የሰዓት ነገር ለብቻው መታየት አለበት። የውጭ እንግዳ በራሱ አቆጣጠር ይጽፋል፤ ዓመቱ ከእኛ በሰባት ወይም በስምንት ይበልጣል፤ ሰዓቱም በስድስት ይራራቃል። ስለ ጀልባ የሚጻፍ «በ3 ሰዓት ተባልን፣ ማንም አልነበረም» የሚል ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመነጫል። ባለጀልባው ጠዋት 3 ሰዓት ብሎ ጠብቋል፤ እንግዳው በራሱ ሰዓት 3 ላይ፣ ማለትም በእኛ 9 ሰዓት፣ ነፋሱ ተነሥቶ ሐይቁ ሲናወጥ ደርሷል። መዝገቡን የያዘው ሠራተኛ በየጽሑፉ ጎን ቀኑንና ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ካልጨመረ ይህ ከስድስት ወር በኋላ ማንም የማይፈታው ጭቅጭቅ ይሆናል።

በማን እጅ ነው?

በጣና ዙሪያ የሚጻፈው ቅሬታ ሁሉ መዝገቡን ያስቀመጠውን ቤት አይመለከትም። ስለ ሆቴሉ መታጠቢያ የተጻፈ በቤቱ እጅ ነው። ስለ ጀልባ ዋጋ የተጻፈ በጀልባ ማኅበሩ እጅ ነው፤ ቅጂው ይላክለትና የተላከበት ቀን በቀኙ ገጽ ይጻፋል። በማንም እጅ የሌለ የሚመስልም አለ። ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን ጢስ ዓባይን በበጋ አይቶ «ፏፏቴ ብላችሁ ጅረት አሳያችሁን» ብሎ የሚጽፍ እንግዳ አይጠፋም። ፏፏቴው አጠገብ በ1956 እና በ1993 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩ ሁለት የኃይል ማመንጫዎች ውኃውን ከላይ ይጠልፉታል። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ማመንጫ ደግሞ ከሐይቁ በዋሻ የሚወስደውን ውኃ ወደ በለስ ወንዝ ይለቀዋል። ይህን ሆቴሉ አይለውጠውም። ግን ፏፏቴው ሞልቶ የሚታየው ክረምቱ ሲበረታና ክረምቱ እንደ ወጣ መሆኑን ጉዞ ከመሸጡ በፊት መናገር ይችላል። የጣና ደሴት ገዳማትም ጉዳይ እንዲሁ ነው፤ ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡበትም፤ ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። ይህን ደሴቱ ወደብ ላይ የሰማች ጎብኚ የምትጽፈው ቅሬታ የገዳሙን ሥርዓት አይቀይርም፤ ትኬት የቆረጠላትን ሰው ግን ይመለከተዋል። እንዲህ ያሉት ቅሬታዎች ሲደጋገሙ መልሱ ከመዝገቡ ወጥቶ ወደ ዋጋ ዝርዝሩ ሰሌዳ መዛወር አለበት።

መልስ አጻጻፍ

«አስተያየትዎን ተቀብለናል» መልስ አይደለም። መልስ ምን እንደ ተጣራ፣ ምን እንደ ተለወጠ፣ ካልተለወጠም ለምን እንዳልተለወጠ ይናገራል፤ የመላሹ የሥራ ድርሻና ቀንም ይኖረዋል። «የ4ኛ ፎቅ ውኃ የሚቋረጠው ፓምፑ ስለማይደርስ ነው፤ ታንከር ተጨምሯል» የሚል አንድ መስመር ከአንድ ገጽ ይቅርታ ይበልጣል። ጸሐፊው «አንተ» ብሎ ቢሳደብም መልሱ በ«እርስዎ» ይጻፋል። ለሆቴል 3 ቀን፣ ለመሥሪያ ቤት 10 የሥራ ቀን ምክንያታዊ ገደብ ነው። ስም ላልጻፉት መልሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተራ ቁጥሩ ይለጠፋል። ባለጉዳዩ ቁጥሩን እንዲያውቅ ደግሞ ቅጹ ቀድሞ ቁጥር ታትሞበት ተቀድዶ በእጁ የሚቀር፣ ያው ቁጥር ያለበት ጫፍ ቢኖረው ጥሩ ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የቁጥር ማኅተም ብቻ ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት መልስ ካልሰጠ ወይም መልሱ ካላረካ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመ ሲሆን ባሕር ዳር ላይ ቅርንጫፍ ከፍቷል፤ አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ያለ ክፍያ ይቀበላል። በፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይ ግን አያይም፤ ባለጉዳዩም መጀመሪያ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማመልከቱን ይጠይቃል። ቁጥር የታተመበት ያ የቅጽ ጫፍ እዚያ ማስረጃ ይሆናል። የሞላ መዝገብ አይጣልም፤ መዝገብ ቤት ይገባል። የሳጥኑ ወረቀቶች ከቃለ ጉባኤያቸው ጋር በዓመት በዓመት ይታሠራሉ፤ ከወለል ከፍ ብለው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፤ በክረምት እርጥበቱ ከታች ይመጣል።